ለእማማ ሲልቫ ካፑቲክያን፣ ከባለ ዕዳ አንባቢዎ

ውድ እማማ ሲልቫ፣

በ2006 የነሐሴ ወር፣ በ87 ዓመትዎ ካረፉ ወዲህ አገርዎ ውለታዎን አልረሳችም። በየሬቫን፣ በኮሚታስ ስም በሚጠራው የታላላቅ ሰዎች መካነ መቃብር አሳርፋዎታለች፤ የኖሩበትን ቤት ከ2009 ጀምሮ ሙዚየም አድርጋዋለች፤ ልጆቿም ግጥምዎን ገና በትንሽነታቸው በቃላቸው ይይዙታል። እኔ አርመን አይደለሁም። ኢትዮጵያዊት ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው። ስምዎን የሰማሁት ሞስኮ ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ግጥምዎን ያነበብኩት በሩሲያኛ ነው፤ ነገሩ አጥንቴ ድረስ የገባኝ ግን አሜሪካ ልጆች ሳሳድግ ነው። ከእርስዎ ብዙ ወስጃለሁ፣ አመስግኜዎት ግን አላውቅም። የዘገየም ቢሆን ይድረስዎ። ዓመተ ምሕረቱን እርስዎ በለመዱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ምስጋናዬን ከእርስዎ በፊት ለእናትዎና ለአያትዎ ላድርስ። ወላጆችዎ የቫን ሰዎች ናቸው። በ1915 በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ የዘር ማጥፋት ሲወርድ፣ የቫን ሰው ከተማውን ተዋግቶ ጠብቆ፣ በመጨረሻ ግን ሐይቁንና ቤቱን ጥሎ ወደ ምሥራቅ ተሰደደ። የሬቫን ያኔ ስደተኛ የሞላባት፣ ረኃብና ተስቦ የሚፈራረቁባት ከተማ ነበረች። መምህር የነበሩት አባትዎ ባሩናክ እርስዎ ሊወለዱ ሦስት ወር ሲቀራቸው በኮሌራ ሞቱ። በ1919 ጥር ወር ወደዚህ ዓለም ሲመጡ የተቀበሉዎት እነዚያ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ያሳደጉዎትም እነሱ ናቸው። አባቷን በዓይኗ ያላየች ልጅ፣ አገር አልባ ሆኖ ከመጣ ቤተሰብ ተወልዳ፣ የአንድ ሕዝብ አንደበት ለመሆን በቃች። ከዚያ ቤት ሐዘን ብቻ ይዘው ቢወጡ ማንም አይፈርድብዎትም ነበር። እርስዎ ግን ቋንቋውንም ይዘው ወጡ፤ ዕድሜ ልክዎንም ለሌላው ሲያካፍሉት ኖሩ።

ትልቁ ዕዳዬ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ብዘገይበት አይፍረዱብኝ።

ልጅዎ አራ የተወለደው በ1941 ሰኔ ነው። በዚያው ወር ሂትለር በሶቭየት ኅብረት ላይ ጦርነት ከፈተ። ዓለም ሁሉ ስለ ታንክና ስለ ግንባር በሚያወራበት በዚያ ዘመን እርስዎ ልጅዎ የመጀመሪያ ቃላቱን ሲጥል አዳመጡና “ቃል ለልጄ” የሚለውን ግጥም ጻፉ። አንዲት እናት ለሕፃን ልጇ ቋንቋውን ታወርሰዋለች፤ ከየት እንደመጣ፣ በምን መከራ አልፎ እሱ ጋ እንደደረሰ ትነግረዋለች፤ አደራም ትለዋለች። በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ መነኩሴው ሜስሮፕ ማሽቶትስ ፊደል ከቀረጸላቸው ጀምሮ ለአርመኖች ፊደሉና ቋንቋው መንግሥት በሌለበት ዘመን መንግሥት፣ አገር በሌለበት ዘመን አገር ሆኖ ኖሯል። እርስዎ ያንን የአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ታሪክ አንድ ሕፃን ጆሮ ላይ አደረሱት። ግጥሙ ዛሬ ከየሬቫን እስከ ቤይሩት፣ ከአሌፖ እስከ ሎስ አንጀለስ አርመን ባለበት ሁሉ ይነበነባል።

እኔ መጀመሪያ ሳነበው ወጣት ነበርኩ፤ ልጅም አልነበረኝም፤ ጥሩ ግጥም ነው ብዬ አለፍኩት። ዓመታት አልፈው፣ የበኩር ልጄን አሜሪካ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ሳስገባ፣ አንዲት መምህርት በቅን ልቦና “ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብታወሯት ቶሎ ትላመዳለች” አለችኝ። ምክሩን የሰጠችው ለልጄ አስባ ነው። ማታ ልጄን ሳስተኛ ግን የእርስዎ ድምፅ መጣብኝ። እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ እንግሊዝኛ አታውቅም። እኔ በዚያች ሌሊት ዝም ብል ልጄና እናቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በፈገግታ ብቻ ሊነጋገሩ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ አማርኛ ሆነ። ማታ ማታ “ተረት ተረት” ስል “የላም በረት” የሚል መልስ እጠብቃለሁ። የፊደል ገበታ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጠፈ፤ ሀ ሁ ሂ ከወተቱና ከእንቁላሉ ጋር በየጠዋቱ ይታያል። ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ የሚሰጠው የአማርኛ ትምህርት ከእግር ኳስ ጨዋታ ጋር ሲጋጭ ቤት ውስጥ ለቅሶ ነበር። እንግሊዝኛው በራሱ ጊዜ መጣ፤ ማንም ሳይጠራው ገብቶ ተቀመጠ። ዛሬ ልጄ ለአያቷ ትደውላለች፤ ያለ አስተርጓሚ ያወጋሉ፤ አያቷ ስትመርቃት “አሜን” የምትልበትን ቦታ ታውቃለች። ይህ የእርስዎ ሥራ ነው፣ እማማ ሲልቫ። ባላውቅዎት ኖሮ የመምህርቷን ምክር እከተል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላም ውለታ አለብኝ። ስለ ቋንቋ የተጻፈ ግጥም በቀላሉ ጅራፍ ይሆናል፤ ወላጅ ልጁን ይገርፍበታል፤ ፖለቲከኛ ጎረቤቱን ይገርፍበታል። የእርስዎ ግጥም ግን ከማዘዙ በፊት ይሰጣል። እናትየዋ መጀመሪያ ያላትን ውድ ነገር አውጥታ ለልጇ ታስረክባለች፣ ጠብቅልኝ የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። እርስዎ ራስዎ ሩሲያኛ አቀላጥፈው የሚያውቁ፣ በየሬቫን ዩኒቨርሲቲ የአርመን ሥነ ጽሑፍ አጥንተው ሲያበቁ በሞስኮ የጎርኪ ሥነ ጽሑፍ ተቋም የተማሩ ነዎት። የሌላውን ቋንቋ ጥሉ አላሉም። በሶቭየት አርሜኒያ ብዙ የተማሩ ወላጆች ለልጆቻቸው እንጀራ ብለው ወደ ሩሲያኛ ትምህርት ቤት ሲያጎርፏቸው ግን የከነከነዎትን በአደባባይ ተናገሩ። እኔም በልጆቼ ላይ አማርኛን በቁጣ እንዳልጭን ያደረገኝ ይኸው ነው። መስጠት ያለብኝን ሰጠሁ፤ እነሱም ተቀበሉኝ።

ወደ ሞስኮ ልመለስ። በኛ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት የሄድን ኢትዮጵያውያን ብዙ ነበርን፤ የመጀመሪያውን ዓመት ሩሲያኛ ስንማር እናሳልፋለን፤ ከዚያ ወደየሙያችን እንበተናለን። በተማሪዎች ማደሪያ የሴቶቹ ክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የግጥም ደብተር ነበረን። የወደድነውን በእጃችን እየገለበጥን እንይዛለን። የእርስዎ የፍቅር ግጥሞች እዚያ ደብተር ውስጥ ነበሩ። አመጣጣቸውን ባሰብኩ ቁጥር ለተርጓሚዎችዎም ምስጋና ይገባል እላለሁ፤ ቤላ አኽማዱሊና፣ ቡላት ኦኩድዣቫ፣ ዩና ሞሪትስ፣ እነዚህ በራሳቸው ታላላቅ የሆኑ ገጣሚዎች ጊዜያቸውን ሰጥተው እርስዎን ወደ ሩሲያኛ አመጡ። እነሱ ባይኖሩ አንዲት ከአዲስ አበባ የመጣች ተማሪ ከየት አግኝታ ታነብዎ ነበር?

በነዚያ ግጥሞች ውስጥ የምትናገረው ሴት ትወዳለች፣ ትጎዳለች፣ ግን አትለማመጥም። እኛ ያደግነው ሴት ልጅ ፍቅሯን በሆዷ እንድትይዝ በሚጠበቅበት ቤት ነው። በዘፈንም በግጥምም የምንሰማው ወንዱ ሲያሞግስ፣ ሴቷ ስትሞገስ ነበር። እርስዎ ግን ሴቷን ራሷን ተናጋሪ አደረጓት፤ ስትቀርም በኩራት፣ ስትሄድም በኩራት። ከሆቭሃኔስ ሺራዝ ጋር የነበረዎት ትዳር እንዳልዘለቀ ያወቅሁት በኋላ ነው። እሱም የአርመን ሕዝብ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያየው ታላቅ ገጣሚ ነበር፤ ስለ እናት በጻፋቸው ግጥሞች ይታወቃል። ሁለት ትልልቅ ገጣሚዎች በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት እንደኖሩ፣ ለምን እንደተለያዩ የእናንተ ጉዳይ ነው። እኔን የነካኝ ከዚያ መለያየት በኋላም በግጥምዎ ውስጥ ያለችው ሴት አንገቷን አለመድፋቷ ነው። አንድ ልጃችሁ አራ አድጎ ታዋቂ ቀራፂ ሆነ። እኔም በሕይወቴ ከባድ የሆነ መለያየት ሲገጥመኝ ያንን የድሮ ደብተር ፈልጌ አወጣሁ። ምን እንዳነበብኩ ለራሴ ላስቀረው፤ ግን ጠዋት ተነሥቼ ሥራ ገባሁ።

አሁን አንዳንዶች በእርስዎ ላይ የሚያነሡትን ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ምስጋናዬ ጎደሎ ይሆናል። በ1945 የመጀመሪያ መድበልዎ ታተመ፤ በዚያው ዓመት የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆኑ። በ1952፣ ስታሊን በሕይወት ሳለ፣ የሶቭየት ኅብረትን ከፍተኛ የመንግሥት ሽልማት ተቀበሉ። ሥርዓቱ ያከበረዎት ሰው ነበሩ። በተመሳሳይ ዘመን ሌሎች ገጣሚዎች ታስረዋል፣ ተገድለዋልም፤ አርመኑ ዬጊሼ ቻረንትስ በ1937 እስር ቤት ውስጥ ነው የሞተው። ይህን እያወቅሁ ነው የማመሰግንዎ። እኔም ሥርዓት ሲያወድስ የኖረ ሥነ ጽሑፍ ባለበት አገር ስላደግሁ፣ ሰውን የምመዝነው በተሰጠው ወንበር ላይ ሆኖ ምን ሠራ በሚለው ነው። እርስዎ የተሰጠዎትን ወንበር ሕዝብዎ ሊናገረው ያልቻለውን ለመናገር ተጠቀሙበት። በ1965 ያደረጉት ለዚህ ምስክር ነው።

ኤፕሪል 24 ቀን 1965 የአርመን ሕዝብ ያለቀበት 50ኛ ዓመት ነበር። ለዐሥርተ ዓመታት በሶቭየት አርሜኒያ ውስጥ ስለዚያ እልቂት በአደባባይ ማልቀስ አይቻልም ነበር። ሰው ሙታኑን በየቤቱ፣ በሹክሹክታ ነበር የሚያስበው። በዚያን ቀን ግን በመቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ በየሬቫን ጎዳናዎች ወጣ። እንዲህ ያለ ሰልፍ በሶቭየት ኅብረት ብርቅ ነበር። እርስዎና ገጣሚው ፓሩይር ሴቫክ ስማችሁንና ደኅንነታችሁን አስይዛችሁ ከሕዝቡ ጋር ከቆሙት ዕውቅ ሰዎች መካከል ነበራችሁ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ — በ1967 — በጺጼርናካበርድ ኮረብታ ላይ ሐውልቱ ቆመ፤ እሳቱም ተለኮሰ። ሙታን ስም አገኙ፤ ልጆቻቸውም አበባ የሚያኖሩበት ቦታ አገኙ።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ያሰብኩት እናቴን ነው። በቀይ ሽብር ዘመን አጎቴ ተገደለ። እናቴ ወንድሟን እንድትቀብር አልተፈቀደላትም፤ ጥቁር እንድትለብስም፣ ድንኳን እንድትጥልም አልተፈቀደላትም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ብትለብስ እንኳ የሚያይባት ነበር። ሐዘኗን ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሽንኩርት እየከተፈች ታለቅሰው ነበር፤ ማንም ቢጠይቃት ሽንኩርቱ ነው እንድትል። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የሰማዕታቱ መታሰቢያ ሙዚየም በ2010 ሲከፈት ሄዳ ፎቶግራፎቹን እያየች ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ያልተለቀሰ ሐዘን እንደማያረጅ ከእርስዎ ተምሬ ስለነበር ያን ዕለት አልደነገጥኩም፤ እጇን ይዤ አብሬያት ቆምኩ። ሕዝብ ሙታኑን በግልጥ ሊያለቅስ ይገባዋል ብለው በ1965 አደባባይ ስለቆሙ አመሰግንዎታለሁ።

ስደተኛውን ወገንዎን ፍለጋ የሄዱባቸው መንገዶችም የምስጋናዬ አንድ ክፍል ናቸው። በ1964 “ካራቫኖቹ አሁንም ይጓዛሉ” የሚለው መጽሐፍዎ ወጣ፤ በመካከለኛው ምሥራቅ የተበተኑት አርመኖች ታሪክ ነው። በ1976 ደግሞ ወደ አሜሪካና ካናዳ ያደረጉትን ጉዞ በሌላ መጽሐፍ ጻፉ። በብረት መጋረጃ ዘመን የሶቭየት ዜጋ እንዲህ መዘዋወሩ ለጥቂቶች ብቻ የሚፈቀድ ነገር ነበር፤ እርስዎም ያን ዕድል በየአገሩ የተበተኑትን ልጆች ከእናት አገራቸው ጋር ለማገናኘት አዋሉት። የኔ ትውልድ ሲበተን ይህን ሥራ የሚሠራልን ጸሐፊ ፈልገን ነበር።

እዚህ ላይ እኛም ድርሻ አለን። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ የአርመን ገዳም ውስጥ ከእልቂቱ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ፤ አርባዎቹን አዲስ አበባ አመጧቸው። አርባ ልጆች እያልን የምንጠራቸው እነሱ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሲዘመር የኖረውን፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ቃሉን የጻፉለትን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱልን፤ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ለቴአትር ቤቶቻችን ሙዚቃ ዕድሜያቸውን ሰጡ። እናትና አባትዎን ከቫን ያፈናቀለው ማዕበል ነው እነዚያን ልጆች ወደኛ ያመጣቸው። በልጅነቴ ፒያሳ እናቴ ልብስ የምታሰፋበት የአርመን ልብስ ሰፊ ነበር፤ አማርኛው ከኛ የጠራ፣ ከሚስቱ ጋር ሲያወራ ግን ወደማላውቀው ቋንቋ የሚሻገር። ያኔ ለምን እንደሚሻገር አላሰብኩም። መጽሐፍዎን ሳነብ ያ ሰው ለምን ከልጆቹ ጋር በዚያ ቋንቋ ብቻ ያወራ እንደነበር ገባኝ። አንድ የሰፈሬን ሰው በሩቅ አገር ሆነው አስተዋወቁኝ።

ስለ 1988 ሳስብ ልቤ ይከብዳል፤ እርስዎም ላይ ከብዶ እንደነበር አውቃለሁ። በየካቲት ወር በሶቭየት አዘርባይጃን ሥር የነበረው፣ አርመኖች የሚበዙበት የናጎርኖ ካራባኽ ግዛት ምክር ቤት ከአርሜኒያ ጋር ለመቀላቀል ድምፅ ሰጠ። በየሬቫን የኦፔራው አደባባይ ቀንና ሌሊት በሕዝብ ተሞላ። ፌብሩዋሪ 26 ቀን የሶቭየቱ መሪ ጎርባቾቭ እርስዎንና ጸሐፊውን ዞሪ ባላያንን ክሬምሊን ጠርቶ አነጋገረ። እርስዎ የጥያቄው ደጋፊ ነበሩ፤ አቋምዎን አልደበቁም። ግን ተመልሰው በቴሌቪዥን ቀረቡና ሕዝቡ ሰልፉን ገታ አድርጎ ጊዜ እንዲሰጥ ጠየቁ። ሕዝቡም ሰማዎት፤ አደባባዩን ለቆ ወደ ቤቱ ገባ። በነዚያው ቀናት በአዘርባይጃኗ ሱምጋይት ከተማ አርመኖች በየቤታቸው ተገደሉ። ከሞስኮ የተጠበቀው መልስም ሲመጣ እምቢታ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ያውቁታል፤ ጦርነቱ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሺህ ሰው በላ፤ አርመኑም አዘርባይጃኑም ከቤቱ ተፈናቀለ፤ የአዘርባይጃን እናትም እንደ አርመኗ እናት አለቀሰች። እርስዎ ያላዩትም አለ፤ በ2023 መስከረም ከመቶ ሺህ በላይ አርመኖች ካራባኽን ለቀው ወጡ።

ታዲያ ለምኑ ነው የማመሰግንዎ? አደባባዩ በሞላበት፣ ስምዎ በሰው ሁሉ አፍ በነበረበት ሰዓት፣ ቁጣውን ማባባስ ጭብጨባ ያስገኝልዎ ነበር። ገጣሚ ነዎት፤ እሳቱን ማንደድ የሚችል ቃል አላጡም። እርስዎ ግን ክብርዎን አስይዘው “ጊዜ እንስጥ” አሉ። መልሱ እምቢ ሲሆን ወቀሳው በእርስዎ ላይ እንደሚወርድ እያወቁ ነው። በኛ ቋንቋ ዛሬ የሚጽፉ፣ ብዙ ተከታይ ያላቸው፣ ከውቅያኖስ ማዶ ተቀምጠው በሰው አገር ኤሌክትሪክ የሰው ልጅ ለሞት የሚቀሰቅሱ ሰዎች አይቻለሁ። ከእነሱ መካከል አንዱ ቴሌቪዥን ፊት ቀርቦ “እባካችሁ ቤታችሁ ግቡ” ሲል አልሰማሁም። ልጆቻችን እንደ ቅጠል በረገፉባቸው በእነዚህ ዓመታት የእርስዎን ያን ምሽት ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ልመናዎ ጦርነቱን አላስቀረም፤ ግን ገጣሚ በሕዝቡ ፊት ቆሞ ሕይወት እንዲተርፍ ሊለምን እንደሚችል አሳይቶኛል። ለኔ ከጻፏቸው ከ60 በላይ መጻሕፍት እኩል የሚመዘን ሥራ ነው።

በመጨረሻም 2004። ዕድሜዎ 85 ነበር። በኤፕሪል 12 ለ13 አጥቢያ ሌሊት የአርሜኒያ ፖሊስ በየሬቫን የተሰበሰቡ ተቃዋሚዎችን በኃይል በተነ፤ ሰዎች ተደበደቡ። ፕሬዚዳንቱ ሮበርት ኮቻርያን ነበሩ፤ የካራባኽ ልጅ፣ እርስዎ ከ1988 ጀምሮ የጮኹለት ምድር መሪ የነበሩ ሰው። ከእጃቸው የተቀበሉት የሜስሮፕ ማሽቶትስ ኒሻን ነበረዎት። ፊደል በሰጠ ሰው ስም የተሰየመ ሽልማት ለእንደ እርስዎ ያለ ሰው ምን ያህል ውድ እንደሆነ እገምታለሁ። ኒሻኑን መለሱላቸው። ግልጽ ደብዳቤም ጽፈው ከሥልጣን እንዲወርዱ ጠየቁ። በወጣትነትዎ የስታሊንን ዘመን ሽልማት የተቀበሉ እጆች በእርጅናዎ የነጻ አገርዎን ሽልማት መለሱ። አሮጊት ሴት ናት፣ ማን ይነካታል የሚል ይኖራል። እኔ ግን በዚያ ዕድሜ ሰው የሚፈልገው ሰላምና ክብር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እርስዎ ያለዎትን ክብር ነው አውጥተው የሰጡት። ከወገን የመጣን ግፍ ከባዕድ እንደመጣው ግፍ መናገር በየትም አገር ከባድ ነው፤ ባሕላችን ገመናን መሸፈን በሚወድበት በኛ ቤት ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። እኔ በሥራ ቦታዬም፣ በማኅበራችንም ውስጥ ዝም ማለት በሚቀልበት ሰዓት ለመናገር ድፍረት ያገኘሁባቸው ጊዜያት አሉ። ከየት እንደመጣልኝ አሁን ነገርኩዎ።

እነሆ፣ ዕዳዬን ዘረዘርኩ፤ ከፍዬ እንደማልጨርሰውም አውቃለሁ። ነፍስዎን በአብርሃም አጠገብ ያኑራት። ልጅዎ አራም በ2014 ተከትሎዎት አርፏል፤ ግጥሙን የጻፉለት ሕፃን ማለቴ ነው፤ እሱንም ነፍስ ይማር።

የቀረኝን ለአንባቢ ልናገር። የእማማ ሲልቫን ግጥም በአማርኛ ፈልጌ አላገኘሁም። እኔ አርመንኛ አላውቅም፤ ከሩሲያኛ ብመልሰው የሌላ ሰው ጥላ ያርፍበታል። አዲስ አበባ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ፣ ከአርባ ልጆችና ከእነሱ በፊትም በኋላም ከመጡት አርመኖች የተወለዳችሁ፣ ሁለቱንም ቋንቋ ከእናታችሁ ጉልበት ሥር የተማራችሁ ሰዎች ዛሬም አዲስ አበባም፣ ካሊፎርኒያም፣ ቶሮንቶም አላችሁ። ቁጥራችሁ እያነሰ ነው፤ ከእናንተ በኋላ ይህን ሥራ በቀጥታ የሚሠራ አይገኝም። “ቃል ለልጄ”ን ከአርመንኛ በቀጥታ ወደ አማርኛ መልሱልን። አሳታሚ ብትቸገሩ እንኳ በቅዳሜ ትምህርት ቤቶቻችን አባዝተን ልጆቻችንን እናስተምረዋለን።

በታላቅ አክብሮትና ፍቅር፣
ባለ ዕዳ አንባቢዎ